ሁለተኛው ወንበር

የደንበኞቹ ምስጋና ሲበዛ ነው መስጋት የጀመረው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም፤ የእህቱ ባል በከፈተው ፀጉር ቤት ሁለተኛው ወንበር የእሱ ነው። እጁ ደግሞ ወርቅ ነው፤ እሱ ጋ የተስተካከለ ሰው ይመስክር። ይህን ወንበር ካጣ ሌላ ቦታ ምላጭ የሚያስይዘው እንደሌለ አሳምሮ ያውቃል። ከዚህ በፊት ብዙ በር አንኳኩቶ አይቶታል።

ደንበኞቹማ ይወዱታል! አውራ ጣታቸውን ቀስረው «ጎበዝ!» ይሉታል፣ አብረውት ፎቶ ይነሳሉ። የእህቱን ባል «ጽድቅ ነው የሠራኸው» እያሉ ይመርቁታል። መርቀው ሲያበቁ ሄደው ባልደረባው ለሚሠራበት ለአንደኛው ወንበር ወረፋ ይይዛሉ። የእሱ ወንበር ባዶውን ተቀምጦ እነሱ ቆመው ይጠብቃሉ። ለምን ሲባሉ፣ «አይ፣ ከዚያኛው ጋር ለምጄ ነው» ይላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ሰውዬ መቼ እንደለመደ እንጃለት!

እሱ ሁሉንም በመስታወት ያያል፤ ከንፈር ያነባል። ሰሞኑን የእህቱ ባል ዓይኑን ይሸሸው ጀምሯል። ምሳ ሲበሉም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የሚያወራው። ይህ ከሁሉ በላይ አስፈራው።

አንድ ቅዳሜ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ፣ ዘወትር አብሮት ፎቶ የሚነሳው ነጋዴ ደረቱን ነፍቶ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እዚያ ወንበር ላይ አንድ ደንብ አለ፦ ደንበኛው ማስቆም ሲፈልግ የወንበሩን እጀታ መታ ያደርጋል፤ እሱም ጉልበቱን ከወንበሩ አስጠግቶ ስለሚሠራ ወዲያው ይሰማዋል። ለነጋዴውም መትቶ አሳየው። ነጋዴው «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» ብሎ ሳቀ።

ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲያርፍ ግን የገባው ሁሉ ጠፋበት። ፈርቶ እጀታውን ረሳና በኃይል ጮኸ። እሱ የነጋዴው አፍ ሲከፈት በመስታወት አይቶ እጁን በእርጋታ አነሳ። በጩኸቱ የደነገጠው የአንደኛው ወንበር ባልደረባው ነው፤ ምላጩ አመለጠውና የራሱን ደንበኛ ጆሮ ቆረጠ።

እሱ ዘወር ሲል የዚያኛው ደንበኛ ፎጣ ደም በደም ሆኗል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ግን የሚያየው እሱን ነው። «ምን ሆነ?» ብሎ በእጁ ጠየቀ። ጆሮው የተቆረጠው ሰውዬ ለእህቱ ባል የሚለውን ከከንፈሩ አነበበ፦ «ቆይ፣ ለማይሰማ ሰው ምላጭ ይሰጣል እንዴ?»

የእህቱ ባል መጥቶ ምላጩን ከእጁ ወሰደ። «ወንድሜ፣ አትቀየመኝ» አለው ቀስ ብሎ። «የትም አትሄድም። በሩ ላይ ሆነህ ደንበኛ ትቀበላለህ። ሰው ይወድሃል እኮ።»

እሱ የነጋዴውን አንገት በጣቱ አመለከተ፤ ጭረት እንኳ የለበትም። የእህቱ ባል አቀረቀረ። ነጋዴው ግማሽ የተላጨ ፊቱን ይዞ ተነሳ፣ «አይዞህ» አለው። ከዚያም ጆሮው የተቆረጠው ሰውዬ የለቀቀው አንደኛው ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠና፣ ገና ደሙን ከምላጩ እየጠረገ ላለው ሰው አንገቱን ሰጠ።