ሚሊሜትር ፈረስ ላይ የወጣ ጊዜ

ሠፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» ይለዋል። ሜትሩን ሦስት ጊዜ ሳይዘረጋ መቀስ የማያነሳ ልብስ ሰፊ ስለሆነ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከከተማው ዳር ላለው የፈረስ ግልቢያ ክለብ ሱሪና ጃኬት ሰፍቷል። የግልቢያ ሱሪ እንደ ሌላው ሱሪ አይደለም። ስፌቱ በጉልበት የውስጥ በኩል ካለፈ ኮርቻው ላይ እየተፈተገ የጋላቢውን ቆዳ ይልጠዋል። ሚሊሜትር ስለዚህ ስፌቱን ወደ ውጭ ያዞረዋል፤ ጉልበቱ ላይ ለስላሳ ቆዳ ይደርብበታል፤ ቦት ጫማ ውስጥ እንዳይሸበሸብም ከታች ያጠበዋል። ይህን ሁሉ ያወቀው ጋላቢዎቹን እየጠየቀ ነው እንጂ እሱ ፈረስ ነክቶ አያውቅም። ልኬት ሊወስድ ክለቡ ሲሄድ እንኳ ከበሩ አያልፍም ነበር። «እናንተ ኑ፤ እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ» ይላል።

ልጅ ሳለ ታላቅ ወንድሙን የጋሪ ፈረስ ደረቱን ረግጦት ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ወንድሙ ሲያቃስት አጠገቡ ተኝቶ ሰምቷል። ወንድሙ ድኖ ሚስት አገባ፣ ወፈረ፣ ነገሩንም ረሳው። ሚሊሜትር ግን ኮቴ በሰማ ቁጥር ግድግዳ ይጠጋል።

በሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ አንድ ጠዋት መርፌ ውስጥ ክር ሊያስገባ ሲል ግራ እጁ አልታዘዝ አለው። መርፌው ወለሉ ላይ ወደቀ። ሊያነሳ ጎንበስ ሲል እሱም ተከተለው። ስትሮክ ነበር። ከሆስፒታል ሲወጣ ግራ እግሩ ይጎተታል፤ ግራ እጁ ጭኑ ላይ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የማይፈራው ነገር ጠፋ። ደረጃ ይፈራል። የመታጠቢያ ቤቱን እርጥብ ወለል ይፈራል። ጠዋት ሲነቃ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ቀኝ እጁም ከድቶት እንደሆነ ለማወቅ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያንቀሳቅሳል።

የምታክመው ፊዚዮቴራፒስት ከአራት ወር በኋላ ስለ ፈረስ አነሳችበት።

«ፈረስ ሲራመድ የተቀመጠበትን ሰው ዳሌ ልክ በእግሩ እንደሚሄድ ሰው ያወዛውዘዋል» አለችው። «እግርዎ የረሳውን ወገብዎ እዚያ ይለማመዳል። ሚዛንዎም ይጠነክራል።»

«ሌላ መድኃኒት የለም?»

«አለ፣ እሱንም እየሠራን ነው። ይሄ ይጨመርበት ነው ያልኩት።»

«ሞተር ብስክሌት አይሆንም?»

ሳቀች። እሱ ግን የምሩን ነበር።

ባለቤቱ የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ነገር ማንዛዛት አትወድም። «ሂድና ሞክረው» አለችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ መሬት ላይ መቆም ያቃተኝን ሰው ፈረስ ላይ ልታወጪኝ ነው?»

«መሬቱንማ አየነው። ወንበርህ ላይ ተጣብቀህ ቀረህ እኮ።»

በመጀመሪያው ቀን ሰፊ የቤት ሱሪውን ለብሶ ሄደ። የክለቡ አሰልጣኝ ከልጅነቷ ጀምሮ ሱሪ የሰፋላት ሴት ናት። ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጋሼ፣ በዚህ ሱሪማ አላወጣዎትም። ይተጣጠፍና ይይዝዎታል። ይህን ደግሞ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ደስታውን መደበቅ አልቻለም። በመጣበት ታክሲ ተመልሶ ቤቱ ገባ። ባለቤቱ ግን አልለቀቀችውም፤ በዚያው ማታ የሚለጠጥ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። እሷ ጨርቁን ትይዛለች፣ እሱ በቀኝ እጁ ይቆርጣል። ሱሪው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ይለካል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይለካል። «ሚሊሜትር ነበርክ፣ አሁን ኪሎሜትር ሆነሃል» አለችው በመጨረሻ። «ጨርሰውና ሂድ።»

ሄደ። ሄልሜት አጠለቁለት፤ በእንጨት መወጣጫ ላይ ደግፈው አወጡት። ዳማ የምትባለው ፈረስ አሮጊትና ገራም ናት። ጀርባዋ ላይ በኮርቻ ፈንታ ወፍራም ምንጣፍና እጀታ ያለው መታጠቂያ ታስሯል። አሰልጣኟ ከፊት ገመዱን ትይዛለች፤ የጋጣው ሠራተኛ በግራ በኩል ጭኑን ደግፎ አብሮ ይራመዳል። ዳማ የመጀመሪያውን እርምጃ ስትወስድ ሚሊሜትር እጀታውን በቀኝ እጁ ጨመደደ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዓይኑን አልገለጠም። ሲያወርዱት ላብ አጥምቆት ነበር።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የዳማን ጆሮ ብቻ እያየ ዞረ። በአራተኛው ቀን ወገቡ ሳያዘው ሲወዛወዝ ተሰማው፤ እሱም አስፈራው።

በስድስተኛው ቀን ነፋስ ነበር። ሜዳውን አጋምሰው ሳሉ የድርቆሹን ክምር የሸፈነው ላስቲክ ተገንጥሎ ተነሳና እየተንሿሿ ወደ እነሱ መጣ። ዳማ ወደ ግራ ዘለለች። የጋጣው ሠራተኛ በትከሻዋ ተመትቶ ወደቀ፤ ገመዱ የአሰልጣኟን መዳፍ ልጦ አመለጠ። ከዚያ በኋላ ሚሊሜትር የሚያስታውሰው ድምፅ ብቻ ነው፤ የኮቴና የራሱ ጥርስ ድምፅ። ዳማ እስከ አጥሩ ጥግ ሮጣ ቆመች። ላስቲኩ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ እየተርገፈገፈ ነው። እሱ ብቻውን ከላይ አለ።

«ጋሼ፣ አይጩኹ! አይንቀሳቀሱ!» አለች አሰልጣኟ ከሩቅ። ፈጥና ብትመጣ ፈረሷ ዳግም ትደነብራለች፤ ስለዚህ ቀስ እያለች ነበር የምትራመደው። «ያውሯት! የመጣልዎትን ያውሯት፣ ግን በቀስታ!»

ምን ይበላት? ለፈረስ ምን ይወራል? ከአፉ የወጣው ሃያ ስድስት ዓመት ሲለው የኖረው ነው።

«ወገብ… ሰማንያ ስድስት። ዳሌ… መቶ ሁለት። የውስጥ እግር… ሰባ ዘጠኝ…»

የዳማ አንድ ጆሮ ወደ ኋላ ዞረ።

«ጉልበት… አርባ አንድ። ባት… ሠላሳ ሰባት…»

በዚህ መሃል ነው ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ የተሰማው። መጀመሪያ የራሱ መንቀጥቀጥ መስሎት ነበር። ልቧ ከጭኑ ሥር ድው ድው ይላል፤ ቆዳዋ ዝንብ እንዳረፈበት ይርገበገባል። ይህች ወንድሙን የረገጠው ዓይነት ትልቅ አውሬ በላስቲክ ደንግጣ ልትሞት ነው! የሚያደርገው ሲጠፋው የማያውቀውን ሰው ሱሪ ልክ መዘርዘሩን ቀጠለ፤ ድምፁም እየረጋ ሄደ። አሰልጣኟ ደርሳ ገመዱን ስትይዝ ሦስተኛው ሱሪ ላይ ደርሶ ነበር።

የጋጣው ሠራተኛ እያነከሰ መጥቶ ሊያወርዱት ሲሉ አልወርድ አለ። ግራ እጁ ጋማዋን ጨብጧል። ያ የሞተ እጅ! ጣቶቹን አንድ በአንድ ነበር ያላቀቁለት። አሰልጣኟ እያለቀሰች ትስቃለች። እሱ መሬት እንደረገጠ ተቀምጦ አስታወከ።

ባለቤቱ ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። «በቃ፣ ከዛሬ ወዲያ አትሄድም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የገፋሁህ።» እሱም ሦስት ሳምንት ቤት ተቀመጠ። ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ላስቲኩ ይነሳል፤ ኮቴው ይሰማዋል።

አንድ ጠዋት ሸሚዙን ሲቆልፍ ግን ግራ እጁ ጨርቁን በሁለት ጣት ይዞለት አየ። ደካማ አያያዝ ነው፤ ወዲያው ለቀቀው። ደግሞ ሞከረ፤ ያዘ። ፈረሷን ይፈራታል፣ ያንን መካድ አይችልም። ያው ወንበሩ ላይ ማርጀት ደግሞ ከእሷ ይበልጥ አስፈራው።

«ልሄድ ነው» አላት።

ባለቤቱ ቦርሳዋን አነሳችና ተከተለችው።

ክለቡም የድርቆሹን ላስቲክ በገመድ አስሮ፣ በነፋስ ቀን ፈረስ ላይ እንዳይወጣ ከልክሎ፣ በቀኝ በኩልም ሁለተኛ ደጋፊ ጨመረለት። ዓመት አለፈው። ዛሬ በከዘራ ደረጃ ይወጣል፤ ጨርቅ በግራ እጁ ይዞ ይቆርጣል፤ ስስ ክር ግን አሁንም አይሆንለትም። ከክለቡ ለሚመጡ እንደሱ ላሉ ታማሚዎች ጎኑ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ሱሪ ይሰፋል፤ ጎንበስ ማለት ለማይችል ሰው ተቀምጦ የሚለበስ ነው።

ፍርሃቱ አልለቀቀውም። በግልቢያው ቀን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት፣ ምግብ በአፉ አይዞርም፤ ሁለቴ ሦስቴ መጸዳጃ ቤት ይገባል። ባለቤቱ በሩ ላይ ሄልሜቱን ይዛ ትጠብቀዋለች። ነፋስ እንዳለ ለማየት መጋረጃውን ገለጥ ያደርጋል፤ የደጁ ዛፍ ካልተንቀሳቀሰ ቦት ጫማውን ያጠልቃል።