በዝግ ቤት የሚነጥር ወርቅ

ቅዳሜ፣ ንጋት፤ ጎንደር

ሙቀት የሚባል ነገር እኔን አይደፍረኝም። የቆላ ፀሐይ እንደ እኔ ያለ ሰው ስታይ ራሷ ጥላ ፍለጋ ትሄዳለች። ይህንኑ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ውስጥ ለሚኒባሱ ሾፌር ነገርሁት። ወፍራም ሹራቤን ከላይ እስከ ታች አየና፣ «ጋሼ፣ አይከልን እስክናልፍ እንደዚሁ ያውሩ» አለኝ።

አይከልን አለፍን፤ ቁልቁለቱ ጀመረ። ነጋዴ ባሕር ላይ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ካልሲዬን። ገንዳ ውሃ ስንደርስ እጄ ወደ ሸሚዜ ሲሄድ ያየች አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ «አባቴ፣ እሱ እንኳ ይቅርብዎ» ብላ ለመነችኝ።

ለሽርሽር አልወጣሁም። መተማ የሚኖር ታላቅ ወንድሜን፣ አያ ፈንታሁንን፣ ጎንደር ሐኪም ቤት ላመጣው ነው። ሚስቱ አለምነሽ ደውላ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ነገረችኝ። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ወባ ነው ብዬ ዝም ባልሁ። ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ የገዛ ልጁ ስም እየጠፋው «ያቺ ልጅ» ማለት መጀመሩን ጨመረችልኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል።

ቅዳሜ፣ ቀትር፤ ወደ መተማ

ኬላ። ውረዱ፣ ተፈተሹ፣ ተሳፈሩ። ሌላ ኬላ። የሰሊጥ ጆንያ የተቆለለበት መኪና፣ የተበላሸ ትራክተር፣ ከዛፍ ሥር ማጭዱን ተንተርሶ የተኛ የጎጃም አጫጅ። የሚሸጠው ውሃ ከመሞቁ የተነሣ ሻይ ለመሆን ትንሽ ቅጠል ብቻ ነው የቀረው። እግሬ ወለሉን ይደበድባል፤ ሾፌሩ «በእርስዎ እግር የሚነዳ መኪና ቢሆን ኖሮ ካርቱም በደረስን ነበር» አለኝ።

ወንድሜ ለወርቅ ቆፋሪዎች ወርቅ ያነጥራል። ቆፋሪው የታጠበውን አሸዋ ከባዜቃ፣ ከሜርኩሪ ማለት ነው፣ ጋር ያሸዋል፤ ባዜቃው የወርቁን ደቃቅ ለቃቅሞ አንድ ድቡልቡል ያደርገዋል። ድቡልቡሉ እሳት ላይ ሲጣድ ባዜቃው ተንኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ከመነሳቴ በፊት የጠየቅሁት ሐኪም የነገረኝ ግን ባዜቃው የትም እንደማይሄድ ነው። በትንፋሽ ገብቶ አንጎል ውስጥ ይሰፍራል፤ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያስረሳል፣ ያናድዳል። የሽማግሌዎቹን የመንቀጥቀጥ በሽታም ያመጣ እንደሆነ ሊቃውንቱ ገና እያጠኑት ነው፤ እነሱ እስኪጨርሱ ግን ወንድምህ አይጠብቅ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት፤ መተማ ዮሐንስ

አያ ፈንታሁን ነጭ ጀላቢያ ለብሶ ኒም ዛፍ ሥር አንገረብ ላይ ጋደም ብሏል። «መጣህ፣ አንተ ቀባጣሪ» አለኝ። የገመድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ፉል በላሁ። እሱ ግን ዳቦውን በሁለት እጁ ነው ወደ አፉ የሚያደርሰው።

ሥራውን ላሳይህ ብሎ ወደ ቤት አስገባኝ። አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ የሦስቱም መኝታ፣ አጎበሩ፣ ልብሱ፣ የዱቄቱ ዕቃ፣ ሁሉም እዚያው። በሩን ዘጋ። መስኮቱን ዘጋ። ከበሩ ሥር ጨርቅ ወተፈ። የወርቅ አንጣሪዎች ሕግ ነው፤ ወርቅ ሲነጥር የባዕድ ዓይን ካየው ይጎድላል ይላሉ። አለምነሽ ቅድም ሽሮ የሠራችበት ምድጃ ላይ ድቡልቡሉን የሚያነጥርበትን የቆርቆሮ ክዳን ጣደ።

ሳይለኩሰው መስኮቱን ከፈትሁት።

«ዝጋ» አለኝ።

«አልዘጋም፣ አያ።»

«ጭሱ ቢገድል ኖሮ ይሄኔ ተዝካሬን በልተህ ነበር። ወባ ነች የምታንቀጠቅጠኝ።»

ትኩሳት የሌላት ወባ ሰምቼ አላውቅም አልሁት። ቱግ አለ፤ ወንድሜ ድሮ የሚቆጣ ሰው አልነበረም። ተያይዘን ወጣን። ነገር ስፈራ የማውቀው መድኃኒት ቀልድ ብቻ ስለሆነ ሁለት ኩባያ የከርከዴ ሻይ ጢም አድርጌ አስሞላሁና ውድድር አመጣሁ፤ ከአንገረቡ እስከ አጥሩ ሳያፈስ ያልደረሰ ይሸነፋል። እሱ ከተሸነፈ ጎንደር ይሄዳል፤ እኔ ከተሸነፍሁ ዓመት ሙሉ ዝም እላለሁ። የኔ ዝም ማለት አጓጓው መሰለኝ፣ ተነሣ።

ገና ከመራመዱ ከርከዴው ነጩን ጀላቢያ ከደረት እስከ ጉልበት ቀይ አደረገው። ሳቄን ጀምሬው ነበር፤ ተውሁትና ኩባያዬን መሬት አስቀመጥሁ።

ልጁ ጨርቅ ይዛ ሮጠች። ሊያመሰግናት አፉን ከፈተ፣ ስሟን ፈለገ። አለምነሽ ልትነግረው ስትል በእጁ ከለከላት። ቆመን ጠበቅነው። ልጅቷ እግሩን እየጠረገች ቀና ብላ ታየዋለች።

«ብርቱካን» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «መኪናው ጧት ነው?»

«ጧት ነው።»

«አንተም ትመረመራለህ። ብቻዬን እንደ ጊደር አልጎተትም።»

አለምነሽ ምድጃውን ከነክዳኑ አውጥታ ከአጥር ውጭ አኖረችው።

እሑድ፤ መልስ

አራታችንም ተሳፈርን። በየኬላው ስንወርድ አያ ፈንታሁን እጁን ጀላቢያው ውስጥ ይደብቃል፤ ወርቅ የያዘ መስሏቸው ደጋግመው ፈተሹት። ስንሳፈር «ዛሬ ነው እንዴ ዓይን የበዛብኝ» እያለ ያጉረመርማል። ብርቱካን ጭኑ ላይ ተኝታለች። እኔ የመስኮቱን መስታወት ስከፍት ስዘጋ አይከል ደረስን፤ ሹራቤን መልሼ ለበስሁ።

ሰኞ፤ ጎንደር

ሐኪሟ ወጣት ናት። ቤቱን፣ መስኮቱን፣ ምድጃውን ጠየቀችው፤ አንድ በአንድ ነገራት። ከዕድሜ ይሁን ከባዜቃ ሳይመረመር አይታወቅም፣ ከጭሱ መራቅ ግን ከዛሬ ይጀምራል አለችው።

«እጄ ይመለሳል?»

«ሊሻለው ይችላል፣ አባቴ። ቃል አልገባልዎትም። ሚስትዎና ልጅዎም ይመርመሩ።»

ወንድሜ ቀጥሎ እጅጌውን ሊሰበስብ ሞከረ፣ እምቢ አለው፤ ብርቱካን ሰበሰበችለት። ያኔ ወደ እኔ ዞሮ «በል፣ ቅደም» አለኝ። ቀደምሁ። ክንዴን ዘረጋሁ፣ ስለ ደም ዓይነቴ ብርቅነት ለነርሷ አንድ ሁለት ነገር ነገርኋት።

ነቅቼ ሳይ ወለሉ ላይ ነኝ። አያ ፈንታሁን በሚንቀጠቀጡት እጆቹ ሁለቱን እግሮቼን ወደ ላይ ይዟል፤ እግሮቼም አብረው ይንቀጠቀጣሉ። አለምነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ነርሷ በኋላ እንደነገረችኝ መርፌው ገና ከላስቲኩ አልወጣም ነበር።