ለሲኞራ የሰጠኋቸው ሐሙሶች

ሮም በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አጠገብ ካለ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ አንዲት የዩክሬን ተወላጅ ቤት ተቀጠርኩ። አዳሬም እዚያው ነበር። ዕድሜያቸው ስልሳን አልፏል፤ ባላቸው ሞተውባቸዋል፤ ልጅ የላቸውም። ሲኞራ እላቸው ነበር። ጣልያንኛቸው እንደኔው የተሰባበረ ስለነበር ቶሎ ተግባባን፤ ሁለታችንም ቃል ሲጠፋን በእጃችን ነበር የምንጨርሰው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ባቄላ ስለቅም መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና እፍኝ አንስተው ያዩት ጀመር። ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳሉ፣ የሶቪየት መንግሥት ሰዎች ቤታቸው እንደገቡ ነገሩኝ። ሰዎቹ በረጅም ብረት ወለሉን እየወጉ የተደበቀ እህል ፈለጉ። ሲያጡ የተጣደውን ድስት አወረዱና ባቄላውን ደጅ ደፉት።

"ዝናብ ጠፍቶ አልነበረም" አሉኝ። "እህል ነበረን። ወሰዱት። ከዚያ መንገዱን ዘጉብን።"

ሁለት ታናናሽ ወንድሞቻቸው በዚያ ዓመት በረዶው ሳይቀልጥ ሞቱ። መንግሥት ረሃብ የሚባል የለም አለ፤ ብዙ ሰውም አመነው።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። በጃንሆይ ጊዜ ረሃቡ ሲደበቅ ደሴ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን አጥር ሥር የወደቁትን እያየን፣ በሬዲዮ የምንሰማው ስለ ሌላ ነገር ነበር። ስለዚህ ሲኞራ የሚሉት ገባኝ።

በዚያው ዓመት ሮም ያሉ ዩክሬናውያን ሃምሳኛውን ዓመት ለማሰብ ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። ጥቂት ናቸው፤ ቄሶች፣ ተማሪዎች፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እዚያው የቀሩ ስደተኞች። ሊቀመንበራቸው አንድ ፋርማሲስት ነበሩ። ያ ረሃብ ሆን ተብሎ የተፈጸመ እልቂት መሆኑን የሚናገር በራሪ ወረቀት አሳትመው የሚያድል ሰው ሲያጡ፣ እኔ አድላለሁ አልኩ። የቤት ሠራተኛ ዕረፍቷ ሐሙስ ከሰዓት እና እሑድ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ሐሙሴን ሰጠኋቸው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆሜ ሳድል ያገሬ ልጆች ይስቁብኛል። "ደግሞ የማን ካድሬ ሆንሽ?" አለችኝ አንዷ።

ሲኞራን ምስክርነታቸውን በሰው ፊት እንዲናገሩ ያለማመድኳቸውም እኔ ነኝ። ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው ይጀምራሉ፤ የወንድሞቻቸው ስም ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይጠፋል። ውሃ እሰጣቸውና እንደገና እንጀምራለን። በመታሰቢያው ቀን እስከ መጨረሻው ተናገሩ። ከመድረክ ሲወርዱ እጄን ጭብጥ አድርገው "ያላንቺ አልችለውም ነበር፣ ልጄ" አሉኝ።

በዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ደሴ ሆስፒታል ነርስ ከሆነችው እህቴ ደብዳቤ በሰው እጅ ደረሰኝ። ከሰሜን በኩል ሰው መንገድ ዳር እየረገፈ ነው ትላለች። እነሱን፣ የሆስፒታሉን ሠራተኞች፣ ግን ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሰልፍ ልምምድ ከሥራ እየወሰዷቸው ነው፤ ስለ ረሃቡ ያወራ ይታሰራል። "አንቺ ውጭ ነሽ፤ ለሚሰማ ሰው ንገሪ" ብላ ጨርሳዋለች።

የሚሰማ ሰው ያለበት አንድ አዳራሽ ብቻ ነበር የማውቀው። ፋርማሲስቱን አምስት ደቂቃ ለመንኳቸው። "ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ከሲኞራ ቀጥሎ ታነቢያለሽ" አሉኝ። ደብዳቤውን ወደ ጣልያንኛ መልሼ ለሲኞራ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። አቀርቅረው ሰሙኝ።

መታሰቢያው መስከረም ማለቂያ ላይ ሆነ። ሲኞራ ተናገሩ፤ ተጨበጨበ። ወረቀቴን ይዤ ስነሳ ፋርማሲስቱ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

"ዛሬ አይሆንም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ጋዜጠኞች መጥተዋል።"

"ቃል ገብተውልኝ ነበር።"

"አውቃለሁ። ግን የአፍሪካ ረሃብ ሲባል ሰው የሚታየው ድርቅ ነው። የኛ ድርቅ አልነበረም። ሞስኮም የምትፈልገው ሁለቱ እንዲምታቱ ነው።"

"ይሄኛውንም የደበቀው መንግሥት ነው" አልኩ።

ክንዴን ለቀቁና "እኔ ፈቅጄልሽ ነበር" አሉ። "እንዳታነቢ የጠየቁኝ ሲኞራ ናቸው።"

ዘወር ብዬ አየኋቸው። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ጓንታቸውን እያስተካከሉ ነበር። ቀና አላሉም። አንዲት ሴትዮ "አሎራ፣ በይ እንግዲህ፣ ኩባያዎቹን ታመጪልናለሽ?" አለችኝ። አመጣሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ኩባያዎቹን ማምጣቴ ነው።

ቤት ስንደርስ ካፖርታቸውን ሳላወልቅላቸው ጠየቅኳቸው።

"ለምን ለኔው አልነገሩኝም?"

ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። "ሃምሳ ዓመት ማንም አልሰማኝም" አሉ። "ያለችኝ በዓመት አንድ ቀን ናት። ያንቺ ሙታን ገና ትኩስ ናቸው። እነሱን ከሰሙ ወንድሞቼን ማን ያስታውሳል?"

"እኔ አስታውሳቸው ነበር። ስማቸውን በቃሌ ነው የማውቀው።"

አለቀሱ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብሬ አለቅስ ነበር፤ ያን ቀን ግን እንባዬ እንቢ አለኝ።

ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የወጣው በሳቸው ቤት ሥራ ስለነበር ወዲያው መውጣት አልቻልኩም። ምግባቸውን ሠራሁ፤ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ሰጠሁ፤ እርስዎ ማለቴንም አልተውኩም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያገሬ ረሃብ በቴሌቪዥን ወጣ። ምሳ ላይ ነበርን። ሲኞራ ማንኪያቸውን አስቀምጠው "አየሽ፣ አሁን ሁሉም አወቀ" አሉኝ፤ ማጽናናታቸው ነው። እህቴ ደብዳቤውን ከጻፈች ሁለት ወር አልፏት ነበር። በሁለት ወር ውስጥ አንድ ቤት ምን እንደሚሆን ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

ሚያዝያ ላይ ሌላ ቤት አገኘሁ። በር ድረስ ሸኙኝና ለሚቀጥለው መታሰቢያ እንድመጣ ጠየቁኝ። እመጣለሁ አልኳቸው፤ አልሄድኩም። ከሁለት ዓመት በኋላ ማረፋቸውን የፎቁ ጠባቂ ስልክ ደውላ ነገረችኝ። ልብስ እየተኮስኩ ነበር። ካውያውን ነቅዬ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ የሁለቱን ወንድሞቻቸውን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።