የጥርስ ሐኪሙ ኳስ

እናቴ ሰው አታምንም። ወተት አምጪው "እንደምን አደሩ?" ሲላት እንኳ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወተቱን ነው የምታየው። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ከተታለለ በኋላ ያስታውሰዋል፤ እሷ ግን እንደ ጸሎት ጠዋት ማታ ትደግመዋለች።

ጠባዩን ያመጣባት ሥራዋ ነው። ከተማችን ተራራ ላይ ናት። ሙቀት ያንገሸገሻቸው ሀብታሞች ብርድ ፍለጋ ይመጣሉ፤ ብርዱን ሲያገኙት ደግሞ ካፖርት ደርበው ጎልፍ ይጫወታሉ። እናቴ ካዲ ናት፤ የተጫዋቹን የዱላ ቦርሳ ትሸከማለች፣ ኳሱ የወደቀበትንም ቀድማ ሄዳ ትፈልጋለች። ታዲያ እዚያ ሜዳ ላይ ያላየችው ጉድ የለም። ዳኛውም፣ ሰባኪውም፣ ባለፋብሪካውም ማንም አላየኝም ብለው ኳሳቸውን በጫማቸው ጫፍ ገፋ ሲያደርጉ በዓይኗ በብረቱ አይታለች። "ሰውን ማወቅ ከፈለግሽ ኳሱ ጥድ መሀል ሲገባበት እዪው። ሰው ፊትማ ሁሉም ጨዋ ነው" ትላለች። ባልደረቦቿ "መርማሪዋ" ይሏታል። ደስ ይላታል መሰለኝ፣ ተቆጥታ አታውቅም።

እኔ ደግሞ የሷ አንድያ ልጅ ሆኜ፣ ሌላ ሰው የጠፋ ይመስል፣ ጎልፍ የሚጫወት ሰው ወደድኩ።

ጥርስ ሐኪም ነው። "መንጋጋዬን ሊነቅል አፌን አስከፍቶ ልቤን ነቀለው" ብዬ ስነግራት እናቴ አልሳቀችም። ረጋ ያለ፣ ትልቅ ሰው ሲያይ ከመቀመጫው ብድግ የሚል ሰው ነው። መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ቀን አንገቱን ሰበር አድርጎ በሁለት እጁ ጨበጣት። ሲወጣ ገና ደጁን ሳይሻገር፦

"አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ" አለችኝ።

"እማዬ፣ በሞቴ! ምን አደረገሽ?"

"ምንም። ያሳሰበኝም ይኸው ነው።"

ሊያገባኝ ጠይቆኛል፣ እኔም እሺ ብያለሁ። የቀረው የሷ እሺታ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እሷን አስቀይሜ ትዳር አልመሠርትም፣ ይህንንም አሳምራ ታውቃለች። አንድ ሳምንት ሙሉ አስጠበቀችኝና "እሁድ ቦርሳውን እኔ ነኝ የምሸከመው። የዚያን ዕለት እነግርሻለሁ" አለች።

እሁድ ሲያያት ደነገጠ። "እማማ፣ እርስዎ እንዴት ይሸከሙልኛል? ነውር ነው!"

"እንጀራዬ ነው። ነውሩ የቱ ላይ ነው?" ብላ ቦርሳውን ቀማችው።

ከክሊኒኩ ሁለት ባልደረቦቹ ጋር ነበር የሚጫወተው። እኔ ጃንጥላ ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ጨዋታው ሲጋመስ ጭጋጉ መጣ፤ የኛ አገር ጭጋግ መቼም አንኳኩቶ አይገባም። እሱ መታ፣ ኳሱ ወደ ጥዶቹ ተጠማዘዘና ጠፋ፣ እናቴም ከኋላው ጠፋች። ትንሽ ቆይታ "ተገኘ! እዚህ ነው!" ስትል ሰማን።

ስንደርስ ኳሱ ለስላሳ ሣር ላይ ጉብ ብሏል። "አቤት ዕድል!" አሉ ጓደኞቹ። ኳስ እንዳይቀያየር ሁሉም በየራሱ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ የሱ ምልክት በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሣለች ትንሽ ጥርስ ናት። ያንተ ካልሆነ ትናገራለህ፣ የራስህን ትፈልጋለህ፤ ሕጉ ይኸው ነው። ጎንበስ ብሎ አየው። ቆይቶ ቀና አለና እናቴን አያት። እናቴ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ምንም ሳይል ዱላውን አነሳና መታ። የዕለቱንም ጨዋታ አሸነፈ፤ ጓደኞቹ ትከሻውን መታ መታ አደረጉለት።

እናቴ ዕቃ ቤቱ ጥግ ጎትታ ወሰደችኝና መዳፏን ከፈተች። ጭቃ የለበሰ ኳስ፣ ከጭቃው ሥር ሰማያዊ ጥርስ።

"ይሄ ቦይ ውስጥ ነበር። ሣሩ ላይ የነበረውን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጎንበስ ብሎ ሲያየው አይተሻል። የኔ አይደለም አለ?"

በሩጫ መኪናው ጋ ደረስኩበትና ጠየቅኩት።

"አውቄያለሁ" አለኝ ሳያመነታ። "ታዲያ ጓደኞቼ ፊት 'ይሄ የኔ አይደለም' ልበል? ካዲዋ ኳስ ቀየረች ቢባል እኮ እናትሽ ከሥራ ይባረራሉ። ለአንድ ጨዋታ ብዬ?"

አንጀቴን ቅቤ አጠጣው! እየሮጥኩ ተመለስኩና "አየሽ? ላንቺ ብሎ ነው!" አልኳት።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ኳሱን በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ ቆየች። "ደግ ሰው ነው፣ ገባኝ" አለች። "ለኔ ብሎ ዋሸ። ነገ ላንቺ ብሎ ይዋሻል። ፊቱን አይተሽዋል፣ ምንም አያስታውቅበትም። ያኔ እውነቱን በምን ትለዪዋለሽ?"

"አንቺ ደግሞ! ክፉም ቢሆን ጥፋት፣ ደግም ቢሆን ጥፋት! ምን ይሁንልሽ ታዲያ?" ብዬ ጮኽኩባት። እውነቴን ነው፣ ተናድጄ ነበር።

"አግቢው፣ እሺ ብያለሁ" አለች።

አገባሁት። ጥሩ ባል ነው፤ አይደለም የሚል ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። ባለፈው ሳምንት ሾርባ ሠራሁለት። እስከ ታች ጠጥቶ "እጅሽ ይባረክ፣ ግሩም ነው" ብሎኝ ሊታጠብ ገባ። ከድስቱ ብቀምሰው የጨው ድንጋይ ነው፣ አይዋጥም። ሌላ ሴት ብትሆን ስቃ ትስመው ነበር። እኔ ማንኪያዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሲወጣ "እውነት ጣፍጦሃል?" አልኩት። "በጣም!" አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

ትናንት ደወለና ታካሚ ስለበዛበት እንደሚያመሽ ነገረኝ። "እሺ የኔ ጌታ፣ አይዞህ" አልኩት። ዘጋሁና የክሊኒኩን ቁጥር መታሁ። ጸሐፊዋ አነሳች። ሐኪሙ አለ ወይ አልኳት፤ አለ፣ ሰው ይዟል አለችኝ።

"ማን ልበለው?"

"ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው የደወልኩት" አልኩና ዘጋሁት።