የማንም አባት

ሚስኮል የቆጣቢ ሰው ደብዳቤ ነው እያልኩ ስቀልድ ኖሬያለሁ። ባለፈው ክረምት ግን አርብ በመጣ ቁጥር አንዲት ሚስኮል ስጠብቅ ምሳ አልወርድልህ ይለኝ ጀመር።

ልጄ ወታደር እሆናለሁ ስትል ከመደርደሪያዬ ስለ ጦርነት የተጻፈውን ሁሉ እያወረድኩ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣ «አባ፣ አንተ እኮ ሁሉንም ጦርነት ሶፋ ላይ ነው የተዋጋኸው» አለችኝ። እናቷ ሳቋን ልትደብቅ ወደ ጓዳ ገባች። ሊሰናበቷት ከመጡት ጎረቤቶች መካከል «አኮራችን» ያሉትንም «ምነው ባትሄድ» ያሉትንም እኩል ተከራከርኳቸው። ሰው ከተስማማበት ነገር ጋር መስማማት አይሆንልኝም፤ ያን ቀን ከራሴም ጋር አልተስማማሁም።

ማሰልጠኛው ውስጥ ስልክ ክልክል ነው። እሷ ግን አንዲት ትንሽ ስልክ በካልሲ ጠቅልላ ሻንጣዋ ሥር ከተተች። የመደዋወያችንንም ደንብ ያወጣችው እሷው ናት።

«አርብ አርብ ከምሳ በኋላ አንዴ አስጠራና እዘጋለሁ። ደህና ነኝ ማለት ነው። አታንሳ። መልሰህም አትደውል።»

«ደህና ካልሆንሽስ?»

«አላስጠራማ።»

እናቷ ወዲያው ገባት። እኔ ደንቡን ለማሻሻል ሐሳብ አቀረብኩ፤ የሰማኝ የለም።

ስድስት አርብ አስጠራች። ስልኩ አንዴ ጮኾ ዝም ሲል እናቷ «አልሀምዱሊላህ» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እኔ እስከሚቀጥለው አርብ መፍራት እጀምራለሁ።

በሰባተኛው አርብ ኢተያ ከተማ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ዝናቡ ድንኳኑን እየደበደበ፣ አጠገቤ የተቀመጠ አንድ የስንዴ ነጋዴ ሥልጠናው ሳያልቅ በጭነት መኪና ተጭነው ወደ ጦር ግንባር ስለሄዱ ልጆች ያወራል።

«ወሬ ነው» አልኩት።

«ወሬ ከሆነ ምነው ጋሼ፣ ሻዩን ሱሪዎ ላይ አፈሰሱት?»

ይሄኔ ስልኬ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ነጋዴው አንገቱን አስግጎ «ልጄ» የሚለውን አነበበ።

በእኛ አገር ልጅ ሚስኮል ካደረገ ታላቅ መልሶ ይደውላል። የትም አልተጻፈም፤ ልጁ አስጠርታው ስልኩን ወደ ኪሱ የሚመልስ አባት ግን ይታዘቡታል። ነጋዴውም ታዘበኝ። «ይደውሉላት እንጂ! ቸግሯት ቢሆንስ?» ሠላሳ ዓመት ሰው የሚለኝን ሳልሰማ ኖሬ የዚያን ቀን ሰማሁ። ቸግሯት ቢሆንስ? ጣቴ ቀደመኝ።

ሦስቴ ጠርቶ ተነሳ። ወፍራም የወንድ ድምፅ ነበር።

«ማነው?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ካልሲ ውስጥ ሲጮህ ያገኘሁት ስልክ ‹አባ› ይላል። የማን አባት ነህ?»

ስሟን ከተናገርኩ አስያዝኳት። «የማንም» አልኩ። «የማንም አባት አይደለሁም።» ዘጋሁ።

ነጋዴው ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

ቤት ገብቼ ስነግራት እናቷ አልጮኸችም። «ጠየቀህ፤ ልጅ የለኝም አልክ» አለች፣ በኦሮምኛ። ስትቆጣ አማርኛዋን ታስቀምጠዋለች።

ስምንተኛው አርብ ዝም አለ። ዘጠነኛውም። በመጽሐፍ የማውቀው ፍርሃት ልብ ያስመታል፤ የእኔው ያደነቁር ነበር። አንድ ቀን ባጃጅ ጥሩምባ እየነፋብኝ መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁ። ስልኩን መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይዤ እገባለሁ፤ ኔትወርክ ይሻለዋል ብዬ የጭላሎን ተራራ በሚያየው መስኮት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከሁሉ የከፋው፣ ዝምታዋ ምን ማለት እንደሆነ አለማወቄ ነው። ስልኳን ቀምተዋት ይሆናል። መኪናው ላይ ጭነዋት ይሆናል። ሁለቱን የምለይበትን ብቸኛ ምልክት በገዛ ጣቴ አጥፍቼዋለሁ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ያው ድምፅ።

«የማን አባት ነህ?»

ብድግ አልኩ። የልጄን ስም፣ ቀጥሎ የራሴን፣ ቀጥሎ የአባቴን ስም ጠራሁ፣ ቀበሌ መታወቂያ እንደሚያወጣ ሰው።

«አሁን አባት ሆኑ» አለኝ። በአንዴ ወደ አክብሮት መሻገሩ ይበልጥ አስፈራኝ። «የዚያን ቀን ‹የማንም ልጅ ትውጣ› ብዬ ጓዱን በሙሉ ጭቃ ላይ አንበረከክኩ። ጓደኞቿ ትንፍሽ አላሉም። በመጨረሻ ራሷ ተነሳች። አንድ ደቂቃ አላችሁ።»

«አባ?» ድምጿ ሻክሯል።

«ጎዱሽ?»

«ለቅጣት ውሃ ተሸከምኩ። ስልኩ እስክንመረቅ አይመለስም። ደህና ነኝ።» ዝቅ አድርጋ፣ «ካድከኝ አይደል?» አለችኝ። እየሳቀች ይሁን አይሁን መለየት አቃተኝ።

ለሁሉም ነገር መከራከሪያ የማላጣ ሰው «አዎ» ብቻ አልኩ።

«እዚህ አሁን ‹የማንም› ነው የሚሉኝ። ውሃውን ስሸከም ጓደኞቼ በየተራ አገዙኝ።»

«ስትመረቁ የት ነው የሚወስዷችሁ?»

መስመሩ ተቋረጠ። ደቂቃው አልቋል።

እናቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ደህና ናት አልኳት፤ ያልተመለሰውን ጥያቄ ግን አልነገርኳትም።

አርብ ደረሰ። ስልኳ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ከምሳ በኋላ ግን ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ፊት ለፊቱ ተቀመጥን። እኔ ሁለት እጆቼን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው።