ሦስተኛው ገንዳ ላይ የተንሳፈፈው ክምር

አጎቴ የከተማው ቆሻሻ ውሃ በሚጣራበት ቦታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ሥራው ስድስቱ ሰፋፊ ገንዳዎች ላይ የሚንሳፈፈውን ሁሉ፣ አረሙንም ላስቲኩንም፣ ጥርስ ባለው ረጅም መጎተቻ እየሳበ ዳር ማውጣት ነው። ሽታውን ከለመደው ቆይቷል። ባለቤቱ ግን ዛሬም አልለመደችውም፤ ጫማውን ደጅ ሳያወልቅ ከገባ «ገንዳውን ይዘኸው መጣህ እንዴ?» ትለዋለች።

ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈውን ያንን ቦታ ወፎች ይወዱታል፤ አጎቴ ደግሞ ወፎቹን ይወዳል። ቤት ውስጥ ወሬው አያልቅም። ገንዳ ዳር ግን አንዲት ወፍ ብቅ ካለች፣ አለቃም ይሁን እንግዳ አጠገቡ ቢኖር፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «ዝም!» ይላል። ባልደረቦቹም ስሙን ትተው «ጋሽ ዝም» ይሉታል። የወፎቹን ትክክለኛ ስም ስለማያውቅ ራሱ አውጥቶላቸዋል። ጅራቷን የምትንጠው «ችኩሏ» ናት፤ አንድ እግሩን አጥፎ ግማሽ ቀን የሚቆመው «ዘበኛው»። ድንገት ሰምጣ ያልጠበቁት ቦታ ብቅ የምትለዋን ትንሽ ቡናማ ወፍ «ጠላቂዋ» ይላታል። ከሁሉም እሷን ያስበልጣል። «ዛሬ ሃያ ሁለት እስክቆጥር ውሃ ውስጥ ቆየች» ይለኛል በስልክ፣ ልጁ ፈተና ያለፈለት ይመስል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደወለልኝ። «እስኪ ነይ» አለኝ። «አንድ ነገር አጥፍቻለሁ።»

ስደርስ በር ጠባቂው ፈገግ አለ። «ጋሽ ዝም ዛሬ ራሱን ነው ዝም ያሰኘው። ቁርሱንም አልነካ።»

አጎቴ ሦስተኛው ገንዳ ዳር ቁጢጥ ብሏል። ፊቱ የእርጥብ አረም ክምር አለ። ላዩን በጣቱ ገለጥ አደረገው። ሥሩ አራት ትንንሽ እንቁላሎች ተደርድረዋል።

«እንደ ሌላው አረም መስሎኝ ስቤ አወጣሁት» አለኝ። «ላዩ ላይ ምንም አይታይም። በእጄ ላነሳው ስል ሞቀኝ። ጠላቂዋ ናት። ስትሄድ ሸፍናቸው ነው የምትሄደው። ሸፍናቸው! ገባሽ?»

«አሁን ገባኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንቱን ጎትቼ ይሆን?»

አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

የጣቢያው ኢንጂነር ከኋላችን መጣች። «ጋሼ፣ ሐሙስ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ውሃው ላይ አንዲት ቅጠል ማየት አልፈልግም ብዬ አልነበረም?»

«ልመልሰው፣ ልጄ። ችካል ላይ አስረዋለሁ።»

«የውሃውን መውጫ ቢደፍነውስ?»

«ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«እናትየው ባትመለስስ?»

አጎቴ እንቁላሎቹን አየ። «ያኔ እኔው አወጣዋለሁ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ኢንጂነሯ ሰዓቷን አየች። «እስከ ምሳ ሰዓት። ከዚያ በኋላ ግን እንዳይለምኑኝ።»

አጎቴ እስከ ጭኑ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ክምሩን እየገፋ ቀድሞ የነበረበት ቦታ አደረሰውና በሲባጎ አሰረው። እንቁላሎቹን እንዳገኛቸው አድርጎ ሸፈነ። ከዚያ ራቅ ብለን ተቀመጥን።

ጠላቂዋ ከማዶ ብቅ አለች። ክምሩን ዞረችው። ቀረብ አለችና ሰመጠች፤ ከበፊቱ ርቃ ወጣች። ፀሐይዋ እየከረረች ሄደች።

«የእጅህ ሽታ ይሆን ያስፈራት?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ይሄ ሁሉ ሽታ ባለበት አገር?»

ሳቅ አፈነኝ። እሱ ግን ዓይኑን አልነቀለም። ጠላቂዋ እንደገና ስትወጣ አንድ እርጥብ አረም ነክሳ ነበር። ክምሩ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ሄዳ ሌላ አመጣች።

«ምን እያደረገች ነው?»

«እያደሰችው መሰለኝ። እኔ ያፈረስኩትን።»

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ክምሩ ላይ ወጣች። ብርድ ልብስ የምትገልጥ ያህል አረሙን አንድ በአንድ ወደ ዳር ጎተተችው። ላባዋን ነፋ አድርጋ ተቀመጠች። አጎቴ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀው።

ሐሙስ የመጡት ተቆጣጣሪዎች የወረቀት ሰዎች ነበሩና ከቢሮ ሳይወጡ ተመለሱ። አጎቴ ከዚያ ወዲህ የሚስበውን አረም ሁሉ መጀመሪያ በእጁ ይዳብሳል። ሥራው በእጥፍ ቀዝቅዟል፤ ኢንጂነሯም አንድ ሁለቴ ተቆጥታዋለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሄጄ ሳለ ከአራቱ ሦስቱ ተፈልፍለው ነበር። አራተኛው ለምን እንደቀረ አጎቴ አያውቅም። «ያን ቀን በርዶት ይሆናል» አለኝ።

ኢንጂነሯ ለቁጥጥር ስታልፍ አጠገባችን ቆመች። የጠላቂዋ ጀርባ ላይ ጭንቅላታቸው ዥንጉርጉር የሆነ ሁለት ጫጩቶች ተጭነዋል።

«ሦስት አላሉኝም?»

«አንዱ ክንፏ ሥር ነው። ጠብቂ፣ ብቅ ይላል።»

ጫጩቱ ብቅ ሳይል እናትየው ሁሉንም እንደያዘች ሰመጠች።

«እንዴ! ልጆቹስ?» ኢንጂነሯ ክንዱን ያዘችው። «ጋሼ፣ ልጆቹ ውሃ ውስጥ ይተነፍሳሉ?»

«እኔም ይሄንን ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለ አጎቴ።

ሁለቱም ጎንበስ ብለው ውሃውን ማየት ያዙ፤ እሷ በግራ በኩል፣ እሱ በቀኝ።