ፕላኑ ላይ የሌለው ክፍል

ግንበኛው የገዛ ቤታቸውን በፕላን አልሠሩትም። ልጅ በተወለደ ቁጥር አንድ ክፍል ይቀጥሉ ነበር፤ አራት ልጆች ስለወለዱ ቤቱ አምስት ክፍል ሆነ። አንድ ልጅ ቢጨመር ኖሮ የጎረቤት አጥር መፍረሱ አይቀርም ነበር። የሚቀጥሉት ሁልጊዜ በመስኮቱ በኩል ስለሆነ የመጀመሪያው ክፍል መስኮት ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ይከፈታል፣ የሁለተኛውም ሦስተኛው ውስጥ። ልጆቻቸው ፀሐይ ባያዩም የወንድምና የእህታቸውን ገመና በደንብ እያዩ አድገዋል።

አሁን ሚስታቸው የሉም፤ ሦስቱ ልጆች ወጥተዋል። የመጨረሻዋ ልጃቸው ከባሏና ከትንሿ ልጇ ጋር አብራቸው ትኖራለች። እሳቸው ተመልሰው የመጀመሪያዋ ክፍል ገብተዋል፤ አንድ አልጋና አንድ የመሣሪያ ሣጥን ይዘው።

ትንሿ የአስር ዓመት ልጅ ናት። የአያቶቿ፣ የወላጆቿና የእሷ ቤት በምን እንደሚለያይ ጽፋ እንድታመጣ ከትምህርት ቤት ስለታዘዘች፣ ደብተርና ሜትር ይዛ መጣችባቸው። እሳቸውም ሳይሰስቱ ነገሯት። በልጅነታቸው ዘጠኝ ሆነው አንድ ክፍል ይተኙ ነበር፤ አንዱ ከተገላበጠ ሁሉም ይገላበጣል፣ ስለዚህ ለመዞር ስምምነት ያስፈልግ ነበር።

«የአንተ ክፍል የቱ ነበር ታዲያ?» አለቻቸው።

«ክፍል እንኳን አልነበረኝም። የግድግዳው ጥግ ግን የኔ ነበረች።»

ትንሿ ጻፈችው። ከዚያ የእናቷን ልጅነት፣ ክፍሎቹንም እየለካች፣ ጻፈች። ለሦስተኛው ጥያቄ፣ ለራሷ ቤት ደግሞ፣ ወላጆቿ እዚሁ ግቢ ሊያሠሩት ያሰቡትን የአዲሱን ቤት ፕላን ከእናቷ ጠረጴዛ ላይ አምጥታ ዘረጋችላቸው።

ግንበኛው መነጽራቸውን አደረጉ። ትንሿ መኝታ ቤት አላት። ልብስ ማጠቢያው ማሽን የራሱ ክፍል አለው። መኪናውም አለው፤ መኪና ግን ገና አልተገዛም። የእሳቸው ክፍል ያለችበት ጥግ ላይ ምንም የለም፤ ነጭ ወረቀት ነው።

አርባ ዓመት ሙሉ አሠሪ ሲጨቀጭቃቸው የሚመልሱት አንድ ነገር ነበር፤ ፕላን ላይ የሌለ ነገር መሬት ላይም የለም ይሉታል። ሆድ ባሳቸው። ግን የኔስ ብሎ መጠየቅ ከሞት ባሰባቸው። ልጃቸው ስለ ፕላኑ ያልነገረቻቸው አፍራ መሰላቸውና፣ እሷ ከምትሳቀቅ ራሴ ልገላግላት ብለው ቆረጡ።

በማግስቱ ሁሉም በየፊናው ሲወጣ አልጋቸውን ግቢ አወጡ፣ ጣሪያውን በእንጨት ደገፉና በግቢው በኩል ያለውን ግድግዳ በመዶሻና በመሮ ጀመሩት። እልኸኛ ግድግዳ ነበር። ማን እንደገነባው ስለሚያውቁ አልተገረሙም። እያንዳንዱን ድንጋይ እያጸዱ ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ ጋር ደረደሩት፤ ለአዲሱ ቤት መሠረት ይሆናል ብለው ነው።

ልጃቸው ከቢሮ ስትመለስ ግድግዳው ጉልበት ላይ ደርሶ ነበር። አልጋውን አየች፤ ከዚያ አባቷን።

«አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«እያፈረስኩ።»

ፕላኑን እንዳዩት፣ ክፍላቸው እንደሌለችበት፣ በዚህ ደግሞ ማንም ማንንም ማፈር እንደሌለበት፣ ድንጋዩንም በየመጠኑ እንደለዩላት ረጋ ብለው አስረዷት።

ልጃቸው ቦርሳዋን መሬት ላይ ጥላ የድንጋዩ ክምር ላይ ቁጭ አለች። እያለቀሰች ነገረቻቸው። ፕላኑን የሳለውን ኢንጂነር መጀመሪያ ያስጠነቀቀችው ይህችን ክፍል እንዳይነካት ነው። አባቴ በእጁ የሠራት ናት፣ ቤቱ ዙሪያዋን ይሠራ አለችው። ኢንጂነሩ ኮሪደሩ ይጣመማል ብሎ ሦስት ጊዜ ለመናት፤ ይጣመም አለችው። እሱም የማትነካ ስለሆነች ሳይስላት ቀረ፤ የሳለው አዲስ የሚሠራውን ብቻ ነው። እሷም የቤቱ ነገር እስኪያልቅ ድረስ፣ አባቷ ግንበኛ ናቸውና በፕላኑ እንዳይጨቃጨቋት ብላ ደብቃቸው ነበር።

ግንበኛው ደስ አላቸው። አፈሩም። የቱን እንደሚያስቀድሙ ግራ ቢገባቸው የመዶሻውን አቧራ መጥረግ ያዙ።

«ቆይ እስቲ፣» አለች ልጃቸው፣ ዓይኗን በእጇ ጀርባ እየጠረገች፣ «አፍርሰህ ስትጨርስ ወዴት ልትሄድ ነበር?»

አሰቡበት።

«እሱን እንኳን ገና አልደረስኩበትም፣» አሏት። «መጀመሪያ ግድግዳውን ልጨርስ ብዬ ነው።»